በበርታኛ የተቀዳው የሒሳብ ካሴት

ክልሉ በተቋቋመ ሰሞን ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ አካባቢ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ሰጡኝ። መርጃዬ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕና አንድ የመንግሥት ካሴት ነበር። ካሴቱ በአማርኛ ይጠይቃል፤ ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በበርታኛ ነውና ቴፑን ትክ ብለው እያዩ ዝም ይላሉ። በተለይ የአንዲቱን ልጅ ድምፅ ከመስከረም እስከ ጥር አልሰማሁም።

እናቷ ማንጎ ትሸጣለች፤ ገበያ ስለምትውል አማርኛ ትሞክራለች። ትምህርቱን ተረት አድርጋ በበርታኛ እንድትነግርልኝ ለመንኳት። ባዶ ካሴት ስላልነበረኝ በዚያው በመንግሥት ካሴት ላይ ቀዳኋት። ሳምንት ሳይሞላ ሱፐርቫይዘሩ ከአሶሳ እንደሚመጡ ሰማሁ።

መጡ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። "እስቲ ካሴቱን ክፈቺው" አሉኝ። ከፈትኩት። የእናቲቱ ድምፅ ወጣ።

"ምንድን ነው ይሄ? ምን እያለች ነው?"

ቋንቋውን አላውቅም። ያልኳትን ትበል፣ ሌላ ነገር ትበል በምን አውቃለሁ?

"ተረት ነው፣ ጌታዬ።"

"የምን ተረት?"

ይሄኔ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ብድግ አለች።

"እናቴ ነው። ጥንቸል አምስት ማንጎ አገኘ ይላል። ዝንጀሮ መጣ፣ ሁለቱን ወሰደ። ስንት ቀረ ይላል።"

"ሦስት!" አለ ክፍሉ በሙሉ፣ በአማርኛ።

ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ እንኳ አላሉም። ብዙ ጻፉ። ሲወጡ "የመንግሥት ካሴት ማጥፋት እንደሚያስጠይቅ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የስንብት ደብዳቤዬ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደርስ መክፈት ስላቃተኝ ርዕሰ መምህሩ አነበቡልኝ። የደብዳቤው መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ ግን እናቲቱን ይዤ አሶሳ እንድመጣና ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም እንድንቀዳ ያዝዛል።

በጭነት መኪና ሄድን። ማይክሮፎን ፊት ብትደነግጥስ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ እሷ ከሾፌሩ ጋር ትጫወታለች። አልደነገጠችም። እንዲያውም መሣሪያውን የሚያስተካክለው ሰውዬ በመሃል ሲያስለው "ዝም በል፣ ልጆች ይሰማል!" ብላ ተቆጣችው።