ከታንከሩ ጀርባ ያለው ክምር

ረቡዕ ነበር። የጥቅምት የመጀመሪያው ረቡዕ። ወይስ ሐሙስ?

«ሐሙስ ነው መሰለኝ» አለ ጋሽ ጥርት ሻዩን እያማሰለ፣ ጮክ ብሎ። «አይ፣ ሐሙስ ከሆነማ ዘበኛው እረፍት ነው። ዘበኛው ደግሞ ነበረ፤ ሲስቅብኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ወንበር ምንም አላለም። ድሮ ቢሆን «ማክሰኞ ነው፣ አንተ ዝንጉ! ልብስ ያጠብኩበት ቀን ነው» የሚል መልስ ይመጣ ነበር። በዚህ ቤት ቀን የምትይዘው ሚስቱ ነበረች፤ እሱ የሚይዘው መጥረጊያ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ ቀኖቹ ተደባልቀውበት፣ መጥረጊያውን ያስቀመጠበትን ቀን እንኳ ቁርጥ አድርጎ መናገር አቃተው።

ጋሽ ጥርት የሚለውን ስም ያወጣለት ያው የጸሎት ቤቱ ዘበኛ ነው። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ጥቂት ትልልቅ ዛፎች አሉ፤ ከነሱ ሥር አንዲት ቅጠል ወድቃ እንዳታድር ጥርት አድርጎ ስለሚጠርግ ስሙ በዚያው ጸና።

ጉልበቱን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ከፈትል ማሽኖቹ ሥር የጥጥ ብናኝ ሲጠርግ። እዚያ ብናኝ ካደረ እሳት ነው። አለቃው በየጠዋቱ «ዛሬ የተውከው ነገ ያቃጥለናል» እያለ ሲያስፈራራው ኖሮ፣ ነገሩ አጥንቱ ውስጥ ገባ። ጡረታ ሲወጣ ያንኑ ጥንቃቄ ይዞ ወደ ጸሎት ቤቱ ግቢ መጣ። የቀጠረው የለም። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጸልይ እሱ ቃል ያጥረዋል፤ «አቤቱ» ይልና ከዚያ ወዲያ ያለው ይጠፋዋል። መጥረጊያ ሲጨብጥ ግን አንዱን ሐሳብ አንዱ እየሳበው፣ ለታመመው፣ ለሞተው፣ ለራቀው ሁሉ ሳይታወቀው ሲለምን ይቆያል። ስለዚህ ጸሎቱን የሚያደርሰው ከውጭ፣ ጎንበስ ብሎ ነው።

ሚስቱም «ብቻዬን ግድግዳ ከማይ» ብላ መጥረጊያ ይዛ ትከተለው ነበር። ልዩነታቸው ከተጠረገ በኋላ ነው። እሱ የሰበሰበውን በጆንያ ሞልቶ በሩ አጠገብ ወዳለው በርሜል ይሸከምና ያቃጥላል። እሷ ግራ ቀኝ አየት አድርጋ፣ ጆንያዋን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ካለችው ዛፍ ሥር ትገለብጠዋለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻን ምንጣፍ ሥር መደበቅ ነው!»

«ምንጣፍ የት አለ?»

«ፈጣሪ አያይም ብለሽ ነው?»

«ያያል እንጂ። ወገቤንም ያያል። በሩ ድረስ ተሸከሚ ያልከኝ አንተ ነህ፤ እሱ አላለኝም።»

«ነገ ራሴ አነሣዋለሁ!»

«አንሣዋ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማለሁ፤ መጥረጊያ የያዘውን ግን የረሱት ይመስለኛል።»

ይህን ጠብ በየማታው ይጣሉት ነበር። አሁን ሲያስበው፣ ከጠቡ የጣፈጠ ነገር በቤታቸው አልነበረም።

ከቀብሯ በኋላ ጆንያ ይዞ ወደ ታንከሩ ጀርባ ሄደ። የዛተውን ሊፈጽም ነው። የመጨረሻው ጭነቷ ከክምሩ አናት ላይ ነበር፤ ጆንያውን ስትገለብጠው የያዘውን ቅርጽ እንደያዘ፣ ገና አልፈረሰም። ጥቂት ቆመ። ከዚያ ባዶውን ጆንያ አጣጥፎ ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ታንከሩ ድረስ ይጠርግና ይመለሳል፤ ታንከሩን ግን አያልፍም። ለማንም አልተናገረም። ማን ይጠይቀዋል?

ዓመታት አለፉ፤ ዛፎቹም ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ። ጋሽ ጥርት ደነገጠ። ከቆሻሻ የመጣ በሽታ ይሆናል ብሎ መጥረጉን አጠበቀ፤ ለቅጠል ቀርቶ ለስንጥር እንኳ አላዘነም። ዛፎቹ ባሰባቸው።

ያኔ ነው ያ ረቡዕ፣ ወይም ማክሰኞ፣ የመጣው። ጸሎት መሪው፣ ገና ጢሙ ያልሸበተ ሰው፣ ምእመናኑን ዛፎቹ ሥር ሰበሰበ።

«ምድር የእኛ አይደለችም» አለ። «አደራ ናት። አደራ የበላ ሰው ጸሎቱ ከጣሪያ አያልፍም። እነዚህን ዛፎች ሳናድን ስለ ፍጥረት ብናወራ ወሬ ብቻ ነው።»

ከዚያ መምህርቷን ጠራት። መምህርቷ የጋሽ ጥርት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሚስቱ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት፤ አሁን ሥነ ሕይወት ታስተምራለች። አካፋ አንሥታ ከአንዱ ዛፍ ሥር መሬቱን መታች። አካፋው «ጠንግ» ብሎ ተመለሰ።

«አያችሁ? ሲሚንቶ ሆኗል» አለች። «ዛፍ ቅጠሉን የሚያረግፈው መልሶ ሊመገበው ነው። ቅጠሉ ሲበሰብስ ለሥሩ ቀለብ ይሆናል። እኛ ግን ቀለቡን በየቀኑ ከአፉ ስንነጥቀው ኖረናል። መሬቱ ተርቧል።»

ማንም ወደ ጋሽ ጥርት አልዞረም። ሁሉም እንዳይዞር አንገቱን ሲያጠነክር ታወቀው። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ዘበኛው ነው።

«ጋሽ ጥርት! ለካ ይሄን ሁሉ ዘመን ዛፎቹን ጾም አስይዘሃቸው ኖሯል!»

ሰው ሳቀ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሲጨንቀው የሚስቀው ሳቅ ነው። መምህርቷ ግን አልሳቀችም፤ አካፋውን እንደያዘች ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም... እኔ ጠቅላላውን...»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ» አላት። መጥረጊያውን ከግድግዳው አስደግፎ ወጣ። አደራ የበላ የሚለው ቃል እስከ ቤቱ ተከተለው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀኖች ቤቱን ሲጠርግ አሳለፋቸው። አንዲት ክፍል ናት፤ ስንት ጊዜ ትጠረጋለች? አልጋውን አንሥቶ ጠረገ፤ መልሶ አንሥቶ ጠረገ። ጸሎት ግን አልመጣለትም። «አቤቱ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ነው የሚታየው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። መምህርቷ ነበረች፤ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው።

«ጋሼ፣ ይነሡ! የሚያዩት ነገር አለ።»

«ሌላ ምን ገደልኩ?»

«ኧረ እርስዎ ደግሞ! ይምጡ ዝም ብለው።»

ከታንከሩ ጀርባ ወሰደችው። ጸሎት መሪውና ዘበኛው ቀድመዋቸው ቆመዋል። ጥግ ያለችው ዛፍ፣ እሱ አንገቱን ቀና አድርጎ አይቷት የማያውቃት፣ ከታች እስከ ጫፏ ለምልማለች። መምህርቷ ከክምሩ ሥር እጇን ሰዳ አንድ ጭብጥ አፈር አወጣች፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የዝናብ ሽታ ያለው። መዳፏ ላይ ትል ተጥመለመለ።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አለ ዘበኛው፣ ጎንበስ ብሎ ትሉን እያየ። «እስቲ ወደዚህ አቅርቢልኝ።»

«ጋሼ» አለ ጸሎት መሪው፣ «እርስዎ ነዎት አይደል ይሄን ያኖሩት? ከእርስዎ በቀር ማን እዚህ ይደርሳል? እኛ መሳቂያ ስናደርግዎት፣ እርስዎ ለካ መድኃኒቱን አስቀምጠውልናል! ቅዳሜ ለጉባኤው ይነግሩልናል። ከእንግዲህ የዛፎቹ ኃላፊ እርስዎ ነዎት፤ ወጣቶቹን ያዛሉ።»

«ይቅር በለኝ» አለው ዘበኛውም። «የኔ አፍ ነው መጠረግ ያለበት።»

ጋሽ ጥርት ክምሩን ብቻ ያያል። አዎም አይደለምም አላለም።

እስከ ቅዳሜ ከወንበሩ ጋር ተሟገተ። ዝም ካለ ቦታው ይመለስለታል። መጥረጊያው ይመለሳል፣ ጸሎቱም ከመጥረጊያው ጋር። ከሁሉም በላይ አደራ በላ አይባልም። «ዝም ማለት መዋሸት ነው እንዴ?» አለ። «እኔ ነኝ አላልኩም። እነሱ ናቸው ያሉት። አንቺስ ብትሆኚ ምን ይጎድልብሻል?» ወንበሩ ዝም። እሷ እንዲህ ዝም የምትለው በጣም ስትናደድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ስሙ ሲጠራ ተነሣ። ሰው ሁሉ በፈገግታ ይጠብቀዋል።

«ያ ክምር የኔ አይደለም» አለ። «የሚስቴ ነው። ወገቧን ያማት ስለነበር ነው እዚያ የምትደፋው። እኔ ስንፍና ነው፣ ፈጣሪን ማታለል ነው እያልኩ እስክትሞት ድረስ ስቆጣት ኖርኩ። የደረቁት ዛፎች የኔ ሥራ ናቸው። ያቺ ጥግ ያለችው የሷ ናት።»

ተቀመጠ። ጸሎት መሪው ከንፈሩን አንቀሳቅሶ የሚለው ጠፋው፤ ጋሽ ጥርት ይህን ሲያይ፣ ቃል የሚያጥረው ለካ እሱን ብቻ አይደለም ብሎ ገረመው። ሲወጡ ጥቂት ሰዎች ትከሻውን ነካ ነካ አደረጉት። ስለ ኃላፊነቱ ግን ያነሣ አልነበረም፤ እሱም አልጠበቀም።

በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይጠራው ሄደ። መጥረጊያውን ግድግዳው ጋ አየው፤ አለፈው። ጆንያ ይዞ ታንከሩን ዞረና ከክምሩ ፊት ቆመ። የመጨረሻው ጭነቷ ቅርጽ ከጠፋ ቆይቷል፤ ዝናቡ፣ ትሉ፣ ጊዜው አንድ ላይ አስተኝቶታል። እሱ ግን የት እንደነበር ያውቃል። እጁን መጀመሪያ የሰደደው እዚያ ነው።

ሞልቶ ተሸከመ። ከመጀመሪያው ደረቅ ዛፍ ሥር በትኖ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ጋ፣ ሦስተኛው ጋ። በሩ ድረስ ካለው መንገድ ያልተናነሰ መንገድ ነው፤ ወገቡን ቆረጠመው። «እውነትሽን ነው» አላት፣ «ያማል።» ከዚያ ስለ ወገቧ፣ ስለ ጉልበቷ፣ አንድም ቀን ሸክሟን ስላልተቀበላት ሳይታወቀው ሲለምን ቆየ። መጥረጊያ በእጁ አልነበረም።

መምህርቷ ስትደርስ ክምሩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ጆንያውን በአንድ ጎን ያዘችለት። የመጨረሻውን አብረው በተኑ። ከታንከሩ ጀርባ፣ ክምሩ በነበረበት ቦታ፣ ጥቁር እርጥብ መሬት ብቻ ቀረ።

«ትንሽ ለዚህች ብንተውላት ጥሩ ነበር» አለች፣ ለምለሟን ዛፍ እያየች።

«እሷ ጠግባለች። አሁን የራሷን ቅጠል ትብላ።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋና ዓይኗ ከባዶው መሬት ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ባዶው መሬት ተመላለሰ። አንዲት ቅጠል የማያሳድር ሰው፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ክምር እንዴት አሳደረው? ጥያቄው ፊቷ ላይ እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ጋሽ ጥርት አነበበው።

«ጋሼ...» አለች። «ቆይ፣ እጄን ልታጠብና።»

ወደ ቧንቧው ጎንበስ አለች። ውሃው ሲፈስ ሰማ። ባዶውን ጆንያ አራገፈ፣ አጣጠፈ፣ ብብቱ ሥር አደረገ፤ በዛፎቹ መሃል አቋርጦ ወደ በሩ ሄደ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አለ ዘበኛውን።

«እሑድ ነዋ! ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ቤት ስደርስ እንዳልሳሳት።»

በሩ ከኋላው ሲዘጋ፣ ቧንቧው ገና አልተዘጋም ነበር።