ቦቢ ድኗል ያልኩ ዕለት

ይህን ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ለሐጅ ልነሣ ስል፣ እንደ ደንቡ፣ የማውቀውን ሰው ሁሉ ሱቅ ለሱቅና ቤት ለቤት እየዞርኩ «አፉ በሉኝ» እያልኩ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ይህን ግን ለማንም ሳላነሣ ሄጄ ተመለስኩ። በዚያ ዙረት አንድ ሰው ቀርተውኝ ነበር። የት እንደሚገኙ አውቃለሁ፤ ከመርካቶ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። አውቄ ዘለልኳቸው፤ አሁን ሞተዋል። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ሳይቀለኝ አይቀርም። እሱም ቢሆን ፈሪነት ነው።

ዙሪያ ጥምጥም እንዳልሄድ ነገሩን አስቀድሜ ልበለው። እኔ የአንድ ውሻ ጆሮ ውስጥ ናፍጣ ጨመርኩ። ውሻው ደነቆረ። በዚያ ሰበብ አንድ ሽማግሌ ሌባ ተባሉ። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፊት ለፊት ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ እሸጥ ነበር። ስድስት ሱቆች አንድ ግቢ እንጋራለን፤ ከጀርባ ደግሞ የሁላችን የሆነ መጋዘን አለ። ትልቁ ሱቅ የአጎቴ የሐጂ ሙዘሚል ነው፤ እኔንም ከገጠር አምጥተው እዚያው ሥራ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ዘበኛችን ጋሼ ታደሰ ይባላሉ። የድሮው ጦር ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው አዲስ አበባ የገቡ ወታደር ናቸው። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፤ በሩ ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ከውሻቸው ከቦቢ ጋር ይኖራሉ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን አይደብቁም ነበር። «እኔን እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ቦቢ ከጮኸ ግን ከሞትም እነሣለሁ» ይሉናል። እኛም የቀጠርነው ሁለቱን ነው እያልን እንቀልድባቸው ነበር። እውነትም ነው። ቦቢ ከአጥሩ ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ይጮኻል፤ የእኛን ኮቴ ግን ለይቶ ያውቃል። የቦቢ ጆሮ እንደ ሰፈር ውሻ ቀጥ ያለ ሳይሆን የተንጠለጠለ ነው። ነጋዴው «ቁረጡለት፣ ኃይለኛ ይሆናል» ሲላቸው «የራስህን ቁረጥ!» ብለው ያባርሩታል።

ያ የተንጠለጠለ ጆሮ ክረምት ሲገባ እርጥበት ይዞ ይታመማል። ቦቢ ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ በኋላ እግሩ እስኪደማ ይፎክታል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ይጥላል። ከጆሮው ቡና አተላ የመሰለ ነገር ይወጣል፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ጋሼ በሩን ጥለው መሄድ ስለማይችሉ በአጎቴ ፒክአፕ ጭኜ ወደ እንስሳት ሐኪም የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ጆሮውን አጥባ ጠብታ ሰጠችኝና «ሽታው ቢጠፋም ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ጨርሱ፣ ከዚያ አምጡትና ልየው» አለችኝ። የጋሼ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው የቦቢን ጭንቅላት በጉልበታቸው መሐል ይይዛሉ፣ እኔ አንጠባጥባለሁ።

በአምስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። እኔም ተውኩት። በወሩ ተመለሰበት። እንደገና ወሰድኩት፣ እንደገና ሻል ሲለው አቋረጥኩ። ለምን? እኛ ዘንድ የውሻ እርጥበት ነጃሳ ነው፤ የነካኝን ቦታ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ አለብኝ። ጧትና ማታ ይህን ማድረግ ሰለቸኝ። በሃይማኖቴ ግን አላሳብብም፤ ሸኻችን ለተጠማ ውሻ ውሃ ማጠጣት ምንዳ አለው ብለው ነው ያሳደጉን። የሰነፍኩት እኔ ነኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወስደው ሐኪሟ ተቆጣች። «የጆሮው ታምቡር ሳስቷል፣ ምናልባትም ተበስቷል፤ ከዚህ ጠብታ ሌላ ምንም ነገር እንዳታስገባ» አለችኝ። ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ለምን ሳሳ ብለው መጠየቃቸው መች ይቀራል?

አሁን ወደ ዓርቡ ልምጣ። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ነጭ ልብሴን ለብሼ ለጁምዓ ልወጣ ስል ጋሼ ሱቁ በር ላይ መጡ። «ነስሩዬ፣ በእናትህ፣ ቦቢ ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ እየፈተገ ነው። ሁለቱም ጆሮው ነው አሁን» አሉኝ። ጠብታው አልቋል። ክሊኒኩ ሩቅ ነው፣ ሶላቱ ሊያልፈኝ ነው። እዚያው እግሬ ሥር ደግሞ ያገለገለ ዕቃ የምናጥብበት ናፍጣ አለ። እኛ ሥራችን ይኸው ነው፤ ዝቃጭ የጋገረበትን ካምቢዮ ናፍጣ ውስጥ ነክረን፣ በብሩሽ ፈትገን፣ አዲስ አስመስለን እንሸጣለን። ናፍጣ የማያስለቅቀው ቆሻሻ የለም ይባላል በሶማሌ ተራ። እኔም ይህን አምን ነበር። ዕቃ ከታጠበበት ሳይሆን ንጹሑን ከጀሪካን ቀዳሁ፤ ጥንቃቄ ማድረጌ ነው እንግዲህ! መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሞልቼ፣ ልብሴ እንዳይነካ እጄን ዘርግቼ፣ አንዱን ጆሮ ሞላሁት። ከዚያ ሌላውን።

የዚያን ውሻ ጩኸት እንዴት ልንገራችሁ? የውሻ ድምፅ አልነበረም። ከጋሼ ጉልበት አምልጦ ግቢውን ዞረ፣ ወደቀ፣ ተነሣ፣ እንደገና ወደቀ። ጋሼ ደንግጠው አዩኝ። «ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ ያቃጥላል፣ ግን ያድናል» አልኳቸው። «ተባረክ» አሉኝ። ሄጄ ሰገድኩ።

በሳምንቱ ፈሳሹ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ፣ ማራገፉም ቀረ። ግቢው ሁሉ አሞገሰኝ። ጋሼማ ለመጣ ለሄደው «ነስሩ ባይኖር ቦቢ አልቆለት ነበር» እያሉ አሳፈሩኝ። አንድ ቀን ግን ቦቢ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኝቶ ሳለ የጎማ ብረት ቸርኬ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ግቢው ተናወጠ። ቦቢ አልዞረም። በማግስቱ አውቄ ከኋላው አፏጨሁ፣ ቆርቆሮ መታሁ። ምንም። ቦቢ ሰው ሲያይና ሲያሸት ጭራውን ይቆላል፣ ጋሼን ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይከተላል፤ መስማት ግን ቀርቷል። ጋሼ «አመል ያዘ፣ አርጅቶ ረጋ» ይላሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ይሁን፣ በእኔ ላይ ባላቸው እምነት ይሁን፣ አላወቁም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። ምናልባት በሽታው ራሱ ነው ያደነቆረው እያልኩ ልቤን ላታልለው ሞከርኩ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ።

በመስከረም አንድ ቀን ጧት ስንገባ የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ ተፈልፍሎ አገኘነው። ዲናሞ፣ ሞቶሪኖ፣ ለመሸከም የሚመች ዕቃ ሁሉ ተወስዷል። ስድስቱም ባለሱቆችና እኛ ሠራተኞቹ ግቢው መሐል ጋሼን ከበብናቸው። አጎቴ ናቸው የጀመሩት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል። ይህ ውሻ ከጮኸ እርስዎ ይነሣሉ፤ ካልጮኸ ደግሞ የገባው የሚያውቀው ሰው ነው» አሉ። «ማንን ነው ያስገቡት?»

ጋሼ ግድግዳውን አይተው፣ ቦቢን አይተው፣ «እኔ ተኝቼ ይሆናል ሐጂ፣ አልዋሽም። ቦቢ ግን አያስገባም። ቦቢ ካልጮኸ ሌባ አልገባም» አሉ።

ቀዳዳው ፊታችን ተገትሮ! አንዱ ሳቀ። ሰውየው እንደ ራሳቸው ያመኑትን ውሻ ምስክር አድርገው ጠሩ፤ ያው ምስክር ገመድ ሆነባቸው። ከባለሱቆቹ መሐል ሸምሱ የሚባል ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ቆይ እስቲ» አለ። «ይህ ውሻ ጆሮውን ሲታመም አልነበር? ነስሩ፣ የምታክመው አንተ ነህ። ጤነኛ ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሼም ዞሩ። የእሳቸው ፊት ላይ የነበረው ፍርሃት አይደለም፤ ኩራት ነው። ልመሰክርላቸው እንደሆነ አምነዋል። እኔ ምን ነበር የሚጠበቅብኝ? «አይሰማም፤ ያደነቆርኩት እኔ ነኝ» ማለት። አራት ቃል! ይህን ብል ግን የተዘረፈው ሁሉ በእኔ ይላከካል፣ አጎቴ ወደ ገጠር ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። እንጀራዬን ፈራሁ። የሽማግሌውን እንጀራ ከእኔ እንጀራ ጋር አስተያየሁና የእኔን መረጥኩ።

«ደህና ነው። ድኗል» አልኩ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዎ፣ እሱ ነው ያዳነው» አሉ።

ለሽበታቸው ሲባል ፖሊስ አልተጠራም፤ እስከ እኩለ ቀን ግቢውን ለቀው እንዲሄዱ ተፈረደባቸው። ካፖርታቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውንና አንዲት ማንቆርቆሪያ በማዳበሪያ ቋጥረው፣ ቦቢን በገመድ ይዘው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ተመልሰው ወደምሠራበት ሱቅ መጡ። ሊሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። «ነስሩዬ፣ ያን ጠንካራውን መድኃኒት ትንሽ ስጠኝ፤ ክረምት ያገረሽበታል» አሉኝ። አልቋል አልኳቸው። «እንግዲያው ስሙን ጻፍልኝ፤ ለምኜም ቢሆን እገዛለሁ» አሉ። ምን ልጻፍ? የሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ሐኪሟ ያዘዘችውን፣ እኔ አንድም ጊዜ አሟልቼ ያልጨረስኩትን የጠብታ ስም ጻፍኩላቸው። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ ወዲህ ናፍጣ በሸተተኝ ቁጥር ያ ጩኸት ይመጣብኛል። በሶማሌ ተራ ናፍጣ የማይሸትበት ሰዓት ደግሞ የለም። በሕልሜም ቦቢን አየዋለሁ፤ ከኋላው እጠራዋለሁ፣ አይዞርም። ይዞር ይሆን እያልኩ እስክነቃ እጠራዋለሁ። ይህ ለእኔ ይገባኛል። ጋሼ ግን ምን አደረጉ? ዘበኛ ለመቀጠር ዋስ ያስፈልጋል፤ ሌባ ተብሎ የወጣን ሰው ማን ዋስ ይሆነዋል?

ከሁለት ዓመት በኋላ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አየኋቸው። ካርቶን ላይ ጧፍ ዘርግተው ይሸጣሉ። ከስተዋል። ልሸሽ ስል ስሜን ጠሩኝ። «ቦቢስ?» አልኳቸው።

«ሞተ። ከባድ መኪና ነው የገጨው» አሉኝ። «ሾፌሩ ክላክስ ቢነፋ፣ ቢነፋ፣ ቦቢ አልዞረም። ያኔ ነው የገባኝ ነስሩዬ፤ አይሰማም ነበር ለካ። አብሬው እየተኛሁ፣ አብሬው እየበላሁ፣ አላወቅሁም።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «እናንተ እውነታችሁን ነው። በደንቆሮ ውሻ ዘብ ቆሜ ንብረታችሁን አስዘረፍኩ። አንተ ደግሞ ስንት ለፍተህበት፣ ምስክር ብዬ አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ። ለሐጂም ንገርልኝ።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ከድንጋዩ ላይ ተነሡ። ማንም አልነበረም በአጠገባችን። አጎቴ አልነበሩም፣ ባለሱቆቹ አልነበሩም፣ የምፈራው እንጀራ አልነበረም፤ በዚያ ጊዜ የራሴ ሱቅ ነበረኝ። የነበርነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ስለዚህ ለዚህኛው ምንም ሰበብ የለኝም፤ እናንተም አትፈልጉልኝ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው እጄን ሳሙ። እጄን አላሸሸሁም፤ ስመው እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኋቸው።