ቅቤ የተቀባ ጋማ

የፈረስ ላብ ከእርጥብ ድርቆሽ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸት ምን እንደሚመስል የረሳሁት መስሎኝ ነበር። አምና በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ልጄ ሰናይት ከምንኖርበት ከሞንትቤሎ በመኪና ይዛኝ ሄዳ፣ ከአውሮራ ከተማ በስተምሥራቅ ቤቱ እየሳሳ ሜዳው በሚጀምርበት በኩል አንድ የፈረስ ጋጣ በር ላይ ስታወርደኝ፣ ያ ሽታ መጥቶ ደረቴን ሞላው፣ እኔም መግባቱን ትቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰናይት በረዶው ያንሸራተተኝ መስሏት ክንዴን ያዘች። እኔን የሸተተኝ ግን የአባቴ ጋቢ ነበር።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ብርድ ከማይለቀው አገር ገብስ የሚያርስ ሰው ነበር። አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ፈረሱ አርጅቷል። ለጥምቀት ታላቅ ወንድሜ ይጋልበው ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ግን የማበላውና የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቱ ተሳስሮ ስለሚነሳ አባቴ ቶሎ አያስሮጠውም ነበር፤ እስከ ወንዙ ድረስ በእርምጃ ይወስደውና፣ አጠጥቶት ጉልበቱን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ «አሁን ተፈታ» ይል ነበር። ስንመለስ ታዲያ እኔን ብድግ አድርጎ ያለ ኮርቻ ጀርባው ላይ ያስቀምጠኛል፣ እኔም ጋማውን በሁለት እጄ ጨብጬ አገሩን ከላይ ሆኜ እያየሁ እመጣ ነበር። ከሰፈራችን በታች አንዲት የብሳና ዛፍ ነበረች። እሷ ጋ ስንደርስ፣ ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ታየች እንዳይባል፣ ሰው ሳያየኝ ያወርደኝ ነበር። በቁጣ አይደለም፤ ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል እንደሚያወርድ ሰው ነበር። እኔም ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ወደዚያ ጋጣ የመሄዴ ምክንያት የሰናይት ልጅ፣ የልጅ ልጄ ሶልያና ናት፤ ሶሊ ነው የምንላት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ፈረስ መጋለብ መማር በጀመረች በሁለተኛው ወር አንድ ወጣት ፈረስ ጥሏት፣ አጥንቷ ባይነካም ልቧ ደንግጦ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ፈረስ በቀር የማንንም ጀርባ አልወጣም አለች። እሱም ራስቲ የሚባል፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው። ሳየው ዳማ! እኔ ዳማው ነው የምለው፣ እሱም ለሁለቱም ስም ጆሮውን ያቆማል።

የጋጣው ባለቤት ጆይስ ትባላለች፤ እንደኔው ሰባን የተሻገረች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ለመስከረም እዚያው አቅራቢያ ሾው የሚሉት የጀማሪ ጋላቢዎች ውድድር አለ አለችን፤ እርምጃና ሶምሶማ ብቻ ነው፣ ዳኛው መሀል ሜዳ ቆሞ የልጁን አቀማመጥና እጁን ያያል። ራስቲ ከዚያ በኋላ ጡረታ ስለሚወጣ፣ ሶሊ ከፈለገች በሱ ትግባ፣ ያን ቀን ጠዋት ካነከሰ ግን አላስገባውም አለች። ሶሊ ደግሞ በሌላ ፈረስ አትገባም። ያን ቀን ካልገባች ያ ፍርሃት እንደያዛት እንደሚቀር ሰናይትም እኔም አውቀነዋል፣ ባንነጋገርበትም።

በረዶው ቀልጦ ግቢው ጭቃ በሆነበት ወራት፣ የሶሊ አባት ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰናይት ሆስፒታል ወደ ሥራዋ ስትገባ ሁለታችንን እዚያ ጥላን ትሄድ ነበር። እኔ አጥሩን ተደግፌ አያለሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ይመስለኛል፣ ዳማው ሲዞር የግራ ፊት እግሩን አጠር እንደሚያደርግ አየሁ፣ የአባቴ ፈረስም እንዲሁ ነበርና ሶሊን አስተርጓሚ አድርጌ ለጆይስ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ብዙ፣ ብዙ በእርምጃ ይሂድ፣ ሶምሶማው ከዚያ በኋላ ነው አልኳት። ጆይስ ትንሽ አየችኝና፣ ይህንን ለሰው ሁሉ ስናገር ሃያ ዓመቴ ነው፣ የሚሰማኝ አላገኘሁም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኔ ወንበር ታወጣልኝ ነበር።

ሶሊ ግን እርምጃው ሰለቻት።

«እቴቴ፣ ይሄ እኮ ዎክ ብቻ ነው። ቦሪንግ ነው።»

«ላንቺ ነዋ። የሱ ጉልበት ገና እንቅልፍ ላይ ነው።»

ሳቀች፣ ግን ዞረች።

የዛፎቹ ጥጥ መሰል ብናኝ እንደ በረዶ በሚበንበት በሰኔ፣ ሶምሶማ ጀመሩ። ጥርሱ ስላለቀ ድርቆሹን በባልዲ ውኃ የማርሰው እኔ ነበርኩ። ሶሊ ፈረሱ ፈጠን ባለ ቁጥር ልጓሙን የያዘው ቀኝ እጇ ሳታዘው ሾልኮ ሄዶ ጋማውን ቆንጠጥ ያደርግ ነበር፤ ጆይስ ደግሞ እጅሽን መልሺ፣ ዳኛው ያያል እያለች ትጮኽባት ነበር። ሶሊ በአንድ ጣት ብቻ ልያዝ ብላ ተደራድራ ተፈቀደላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንቁላል የሚያህል በረዶ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ ሲወርድ፣ እኔ ጉያ የነበረችው ልጅ ቀስ ብላ ሸሽታ ዳማው አንገት ሥር ገባች። እሱ ድርቆሹን ያኝካል። ከኔ ይልቅ እሱን ማመኗ እንደማስቀናትም፣ ደስ እንደማሰኘትም አደረገኝ።

ነሐሴ ለጽዳቱ ነበር። ሻምፖ፣ ኮቴ መጥረግ፣ ጭራ ማበጠር። ጆይስ በሾው ቀን ጠዋት ጋማውን እኔ ራሴ እሠራዋለሁ፣ ትንንሽ ሹሩባ ይሆናል አለች። ይህን ሶሊ ስትተረጉምልኝ ደስ አለኝ፤ ከሁሉም ነገራቸው ይሄ የማውቀው ነው። ዕድሜ ልኬን የሰው ጸጉር ስሠራ ኖሬአለሁ፣ የደረቀ ጸጉር ደግሞ በዋዜማው ቅቤ ካልጠጣ ለሹሩባ አይመችም።

የአባቴም ፈረስ ለጥምቀት ዋዜማ ይቀባ ነበር። እናቴ ለራሷ ካስቀመጠችው ለጋ ቅቤ ላይ አባቴ ቆርሶ ሲወስድ፣ «የኔ ራስ ይድረቅ፣ ፈረሱ ይመር» እያለች ታጉረመርም ነበር፣ እኔ ደግሞ ጣቴ እስኪወዛ ጋማውን አሸው ነበር። በነጋው ወንድሜ ይቀመጥበትና ሰው ሁሉ ጋማው አብረቀረቀ ይላል። ከጎረቤት ልጆች መሀል ቆሜ፣ እንዲያብረቀርቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ እያልኩ በልቤ እቆጥረው ነበር።

እናም በሾው ዋዜማ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጆይስና ሶሊ ኮርቻውን ሊያጸዱ ሲሄዱ፣ ከአውሮራ ሱቅ ያስገዛሁትን ለጋ ቅቤ ከቦርሳዬ አወጣሁና ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ድረስ አድርጌ ቀባሁት። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ቆመልኝ። ቤት የገባሁት ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ነበር።

ጠዋት ጆይስ ማበጠሪያዋን ይዛ ጋማውን ከፈል አድርጋ ጠመዘዘችው፤ ፈሰሰ። ደግማ ጠመዘዘች፣ ላስቲኩን አሰረች፣ ላስቲኩ ሸርተት ብሎ ጭድ ላይ ወደቀ። ጣቷን አሽትታ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሶሊ ዞረች። ሶሊም ቀርባ አሸተተች።

«እቴቴ፣ ቅቤ ቀቡት እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ የነሱ ሹሩባ ደረቅ ጋማ ነው የሚፈልገው። ባልዲና ሳሙና ላመጣ ስሮጥ ጆይስ እጄን ያዘች፤ በዚህ ብርድ ጠዋት ይህን ሽማግሌ በቀዝቃዛ ውኃ ካጠብነው እግሩ ይተሳሰራል፣ ወይ ጋማው ያምራል ወይ እግሩ ይሄዳል፣ ምረጡ አለች። ጋማውን ተውነው።

ያን ጠዋት ራሴ ስቤ አስኬድኩት። በአጥሩ ዙሪያ፣ በእርምጃ፣ ፀሐይ ጀርባችንን እስክታሞቀን። ስቆም ጉልበቱን በመዳፌ ዳበስኩት፣ «አሁን ተፈታ» አልኩ፣ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ጆይስ ሶምሶማ አስኬደችው። አላነከሰም።

ሶሊ ግን ኮርቻው ላይ ወጥታ እንደ ልማዷ ጋማውን ቆንጠጥ ስታደርግ ከጣቷ አመለጣት። ደግማ ሞከረች፣ አመለጣት። ፊቷ አመድ መሰለ። የያዘችበትን ነገር በገዛ እጄ እንደወሰድኩባት ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እናቴ። ካልሽ እንመለስ።»

ጎንበስ ብላ እጇን በነጠላዬ ጠረገች፣ ሁለቱንም፣ ጣት በጣት።

«ኖ» አለች። «ካልተያዘ አልይዘውማ።»

በሩ ተከፈተና ስድስት ልጆች ገቡ። በእርምጃው ደህና ነበረች። ሶምሶማ ሲባል ቀኝ እጇ ወደ ጋማው ሄደ፣ ሸተት ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ዙር ግማሽ መንገድ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። በሦስተኛው አልተነሳም። ዳማው አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ ወደ እሷ አድርጎ፣ ዕቃ እንዳይሰበርበት እንደሚጠነቀቅ ሰው ይሄድ ነበር፤ እኔም አጥሩን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ነበር።

አራተኛ ወጡና ነጭ ሪባን ሰጧቸው። ዳኛው ባርኔጣውን ገፋ አድርጎ ጋማውን ሲያይ፣ ምን ቀብታችሁት ነው እንዲህ የሚያብለጨልጨው ብሎ ጠየቀ አሉ። ጆይስም የአያቷ ምስጢር ነው አለችው፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ከሜዳው ሲወጡ ልጓሙን ተቀብዬ እየሳብኩ፣ ሶሊ ላይ እንዳለች፣ ሰው ወደተሰበሰበበት ወደ መኪኖቹ ሄድን። ሰዉ ፊት ልንደርስ ስንል እጄ ሳላዘው ተነስቶ ወደ ወገቧ ሄደ፣ ሊያወርዳት። ያችን ብሳና ያየሁ መሰለኝ። እጄን መልሼ ዳማው አንገት ላይ አኖርኩት።

አባቴን አልቀየመውም፤ እስከ ብሳናዋ ድረስ የሰጠኝ እሱ ነው፣ ሌላው አባት ያንንም አይሰጥም ነበር። ሶሊ ግን ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ቀና ብላ፣ ሪባኑን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በሰው መሀል አለፈች፣ የሚያያትም አየ። ቤት ገብቼ እጄን ታጥቤም ቅቤና ፈረስ ይሸት ነበር፣ እንደያኔው። ያኔ ግን ሽታውን ጣቴ ላይ ይዤ የምቀረው ለብቻዬ ነበር፤ አሁን ሶፋው ላይ እንቅልፍ የጣላት ልጅም እጇ ያንኑ ይሸታል።