አባቴ የተረጎመው የጠፈር ፊልም

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያ ፊልም የረባ ፊልም አልነበረም። ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ እዮብ ከስልኩ ላይ ፈልጎ አገኘልኝና እናቴ ቤት ቁጭ ብለን አየነው። መንኮራኩሩ የቆርቆሮ በርሜል ነው። ከዋክብቱ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ጨርቁ ሲነቃነቅ አብረው ይነቃነቃሉ። እዮብ ጥቂት አየና «አክስቴ፣ ሙት በይኝ! የሆሳዕና ሰው ተጋፍቶ ያየው ይሄንን ነው?» አለኝ። አዎ፣ ይሄንኑ ነው። ከቦኖሻ ድረስ በጭነት መኪና ተጭኖ እየመጣ፣ ደግሞ ደጋግሞ ነው ያየው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አልፎ አልፎ ከአዲስ አበባ የፊልም መኪና ይመጣና ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ያሳየናል። የሚያሳየን ትራክተር ነው፤ ቀጥሎ ግድብ፣ ከዚያ እንደገና ትራክተር። በዚያ ዓመት ግን ማን እንዳሳሳተው እንጃ፣ ከትራክተሮቹ መሀል አንድ የፈረንጅ ፊልም ተቀላቅሎ መጣ። የጠፈር ፊልሞች ላይ ለማፌዝ የተሠራ ኮሜዲ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የሚፌዝበትን ሳያውቅ በፌዝ የሚስቅ ሰው ደግሞ የለም። እኛ የጠፈር ፊልም የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይተን ስለማናውቅ ቁምነገር ነው ብለን ተቀበልነው።

አባቴ በክሊኒክ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ጸሎት ቤታችን ከመታሸጉ በፊት ግን እሑድ እሑድ ከሚሲዮኖቹ አጠገብ ቆሞ ስብከታቸውን ወደ ሀዲይኛ ያስተረጉም ነበር። ፈረንጁ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያቆማል፤ አባቴ ይቀበለዋል፤ ሕዝቡም «አሜን» የሚለው ለአባቴ ነው እንጂ ለፈረንጁ አይደለም። የገባቸው የእሱ ነዋ! ደረቁ ስብከት እሱ አፍ ውስጥ ሲገባ ቅቤ ይጠጣል ይሉ ነበር አሮጊቶቹ። ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ አባቴን አሰሩት። ሲፈቱትም «ሰው ሰብስበህ ስትሰብክ ከተሰማህ ሁለተኛ ቤትህን አታይም» ብለው አስጠነቀቁት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ከማለት አላለፈም።

ታዲያ ያ ፊልም እንግሊዝኛ ሆነና ተርጓሚ ጠፋ። የከተማው ካድሬ ጓድ ሽመልስ የሌላ አገር ሰው ነበር፤ ሀዲይኛ አይሰማም፤ የአባቴን ታሪክ ግን አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ቢያጣ ነው መሰለኝ አባቴን አስጠራው። በአማርኛም በሀዲይኛም እንዲያስተረጉም ታዘዘ። እናቴ የዚያን ቀን ቀልቧ ተገፎ ዋለ።

«እባክህ ድምፅህን እንዳታሳምር» አለችው ኮቱን እያለበሰችው። «በሬዲዮ የእህል ዋጋ እንደሚያነብ ሰው ዝም ብለህ አንብበው።»

«ስለ ጠፈር እኮ ነው የሚያወራው፤ ምን ያሳምረዋል?» አላት።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። የጀነሬተሩ ናፍጣ፣ የረጠበ ጋቢና የሰው እስትንፋስ አንድ ላይ ይሸታል። ጓድ ሽመልስ ስለ ሳይንስና ስለ ሰፊው ሕዝብ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ እኛም እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። አባቴ ከነጩ ጨርቅ አጠገብ ቆሞ እናቴ እንዳለችው ደረቅ አድርጎ ጀመረ። ሰው ማዛጋት ያዘ።

ከዚያ መንኮራኩሩ ሰማይ መሀል ቆመ፤ አልነሣ አለ። አዛዡ ጠፈርተኞቹን አስወርዶ ከኋላ ያስገፋቸው ጀመር። አሁን ሳየው ዋናው ቀልድ ይሄ ኖሯል። ያኔ ግን ማን ይስቃል? አዳራሹ ውስጥ በክረምት አውቶቡስ ያልገፋ ሰው አልነበረም። ወንዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የጭነት መኪና ሾፌሩ አያ ኑሪ እንዲያውም መቀመጥ አቅቶት ተነሣና «ማርሽ ይቀይር በለው! አንደኛ ያስገባ!» ብሎ ጮኸ። አባቴም ሳቀ። የሳቀ ጊዜ ድምፁ ተለቀቀ፤ የድሮው ሰውዬ ተመልሶ ሲመጣ በጆሮዬ ሰማሁት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እናቴ እጄን ስትጨብጠኝ ፈራሁ።

መንኮራኩሩ ተገፍቶም አልሆነለትም። መብራቱ ጠፋ፤ ጠፈርተኞቹ አለቀሱ። አዛዡ ወንበር ላይ ወጣና እጆቹን ዘረጋ። አባቴም ሳያውቀው እጆቹን ዘረጋ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በሀዲይኛ «አትፍሩ! እስከ መጨረሻው ከእናንተ ጋር ነኝ!» አለ።

«አሜን!» አለች እናቴ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያቺ ስታስጠነቅቅ የዋለችው ሴትዮ፣ እሷው ራሷ! ቃሉ ከአፏ ሳይወርድ ያ ሁሉ አሮጊትና ሽማግሌ፣ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ጀምሮ አፉን ይዞ የኖረ ሁሉ «አሜን!» ብሎ አዳራሹን አናጋው። ጓድ ሽመልስ ብድግ አለ። ሀዲይኛ ባይሰማም አሜን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። አባቴ እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። እናቴ ጭንቅላቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች።

ጨርቁ ላይ በዚያው ቅጽበት አዛዡ ከወንበሩ ወርዶ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የምትሆነዋን ትንሽ መንኮራኩር ተሳፍሮ፣ የቀሩትን ጥሎ እልም አለ። መጀመሪያ አያ ኑሪ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ጓድ ሽመልስ ቆሞ ሰዉን ቃኘ፣ ጨርቁን ቃኘ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ጓድ ሽመልስ ቢሮ ተጠራ። እናቴ ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስያዘችው፤ ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም። ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሱን በብብቱ ይዞ መጣ። እናቴ ስታየው ደጃፉ ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች።

«ምን አለህ?» አለችው ሲረጋጋላት።

«አዳራሹ ሞልቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ቅዳሜ እንደገና ይታያል፤ ያንኑ ድምፅህን ይዘህ ና አለኝ» አላት። «እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ጭብጨባ ይሁን ብሏል። ሌላ ነገር ከሰማ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

የፊልም መኪናው ተበላሽቶ መለዋወጫ እስኪመጣለት ሆሳዕና ከረመ፤ ፊልሙም ቅዳሜ ቅዳሜ ታየ። አዛዡ «አትፍሩ» ባለ ቁጥር ሰው መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጭባል። ከላይ የመጡ ባለሥልጣናት አንድ ቀን ገብተው የሕዝቡን ስሜት አደነቁ አሉ። እኔ እናቴ ጎን ስለምቀመጥ ከጭብጨባው ሥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ዘወር ስል ያጎነበሱት አሮጊቶች ከንፈር ሁሉ ይንቀሳቀሳል። በሳምንቱ መሀል እኛ ልጆች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በርሜል እየገፋን «አንደኛ ያስገባ!» እያልን እንጫወታለን። በእኛ በልጆቹ ግምት ሰው አዳራሹ የሚመጣው ለበርሜሉ ነበር።

መኪናው ተጠግኖ ወደ ዱራሜ ሄደ። እዚያ ሌላ ሰው ተረጎመው። አያ ኑሪ ጭነት አድርሶ ሲመለስ «ዱራሜ ላይ ሰው ግማሹን ሳያይ ተነሥቶ ወጣ» ብሎ ነገረን። አባቴ ቁስል እያጠበ ነበር፤ ቀና አላለም። ጆሮው ግን ቀላ።

እንግዲህ ለእዮብ ይሄን ሁሉ እንዴት ብዬ ላስረዳው? አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ጸሎት ቤቱ ከተከፈተ ስንት ዘመኑ! ዛሬ በድምፅ ማጉያ ነው የሚሰበከው፤ አሜን የሚል እንደ ልቡ ይላል፣ ያላሰኘው ስልኩን ይነካካል። እናቴ ዐይኗ ስለደከመ ፊልሙን አታየውም፤ ከአጠገባችን ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። አዛዡ ወንበሩ ላይ ወጣና በእንግሊዝኛ ጮኸ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

በሀዲይኛ ነገርኳት። ድምፄ የአባቴ ድምፅ አይደለም።

እናቴ መዳፎቿን አገናኝታ ማጨብጨብ ጀመረች፤ በቀስታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

«እማዬ፣ አሁን እኮ ጮክ ብለሽ ማለት ትችያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ ማጨብጨቧን ሳታቆም። «አባትሽ እንዳይጠየቅ ብዬ ነው።»