ድንኳኑን የመለሱት የላንቴ ፈረንጆች

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት

አዲስ አበባ ገና አልነቃችም። ልጄ እስከ መናኸሪያው ሸኝቶኝ፣ ፌስታሌን እግሬ ሥር አስቀመጠና፣ "እማዬ፣ በዚህ ጉልበትሽ ለፈረንጅ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?" አለኝ። "ለማርታ ነው" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

ማርታና ባሏ ዮሐንስ ሚሲዮኖች ናቸው። ስማቸውን ያወጣላቸው የላንቴ ሰው ነው፤ የራሳቸው ስም ለምላሳችን አልመች ብሎ። አርባ ምንጭ ሳይደረስ፣ ምድሩ ሁሉ ሙዝ በሆነበት በላንቴ ቀበሌ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረዋል። ባሌ እርሻ ላይ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ከእነሱ ጋር አጥራችን አንድ ነበር።

ባለፈው እሑድ ደወለችልኝ። "እማዬ፣ ቅዳሜ ጠቅልለን አገራችን ልንሄድ ነው። ግን ሰው ሁሉ አኩርፎናል። ቤታችን የሚመጣ የለም። ምን እንዳጠፋን አላውቅም።" ከዚያ ዝም አለች፤ ስታለቅስ ዝም ነው የምትለው። እንዲህ ሆና እንድትሄድማ አልፈልግም። ይኸው አውቶቡስ ላይ ነኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሶዶ

ሾፌሩ ከኋላው ያስቀመጠኝ ጨዋታ ፈልጎ ኖሯል። "እናቴ፣ ማንን ልትጠይቂ ነው?"

"ልጄን።"

"ምን ትሠራለች?"

"ወንጌል ትሰብካለች።"

በመስታወቱ አንገቴን አየ። "አንቺ ግን ማተብ አስረሻል።"

"እሷም ስንት ዓመት አይታዋለች" አልኩት። ሳቀና ቡታጅራን እስክናልፍ ሲስቅ ነበር።

ሆሳዕና ላይ ብርድ ነው፤ እንሰቱ ቅጠሉን በየደጁ ዘርግቷል። ሶዶ ምሳ ወረድን። ጥብስ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ገብቷል። ጥርስ ስለሌለኝ እንጀራውን በመረቁና በዳጣው እያጠቀስኩ በላሁ። የወላይታ ዳጣ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንባዬ ቅርብ ነበርና ሰበብ አገኘሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ላንቴ

ከሶዶ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል። ሰው ሹራቡን ያወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ብርብር ላይ ፓፓያ ገዛሁ። አባያ በግራ በኩል እንደ ጠላ ደፍርሶ ተኝቷል። ስንት ዓመት ይህን ውኃ በሕልሜ አየሁት።

ላንቴ መንገድ ዳር ወረድኩ። ማርታ አልጋዋን አጣጥፋ፣ አጎበሩን አውርዳ፣ ካርቶን መሃል ቆማ አገኘኋት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አቅፋኝ ቆየች።

መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ሙቀቱ አሟት፣ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልላ ሲሚንቶ ላይ ትተኛ ነበር። ዝንጀሮ ሳሙናዋን ይሰርቃታል። ውኃ አፍልታ፣ አጥልላ፣ አቀዝቅዛ እስክትጠጣ እኛ ሁለቴ እንጠማለን። ዮሐንስ በብስክሌት ለስብከት ይወጣና ሙዝ ተሸክሞ ይመለሳል። በኋላ ጋሞኛውን ከእኔ አብልጣ ተናገረችው። እናቷ አገሯ ሲሞቱ በስልክ ነው የሰማችው፤ ለቀብር አልደረሰችም። ያኔ እድሩ ደጃፏ ላይ ድንኳን ተከለ። አይተናቸው ለማናውቃቸው ሴትዮ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ባሌ ሲሞት ደግሞ እሷ ከእኔ ጋር ምንጣፍ ላይ ሰነበተች።

ይህ ሁሉ ትዝ ሲለኝ ዕቃ ቤታቸውን አየሁ። የእድሩ ድንኳን እዚያ ነበር የሚቀመጠው።

"ድንኳኑስ?"

"መለስኩት" አለ ካርቶን ሲያስር የነበረው ዮሐንስ። "ደብዳቤም ጽፌያለሁ።" ግልባጩን ሰጠኝ። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ወዲህ ስለሆነ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ስላደረጋችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን፤ ከዛሬ ጀምሮ ከእድሩ ወጥተናል፤ ቦታችንን ለሌላ ስጡ ይላል።

"ዮሐንስ፣ ይህ በእናንተ አገር ጨዋነት ነው?"

"አዎ። ሳይናገሩ መሄድ ነው ነውሩ።"

"እዚህ ግን ከእድር የሚወጣ የተጣላ ሰው ነው። ሬሳዬን አትንኩ፣ ሬሳችሁንም አልነካም ማለት ነው።"

ማርታ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። "ለእናቴ የተቀመጡትን ሰዎች ነው እንዲህ ያልናቸው?"

ዓርብ፣ ጠዋት

ጋሞ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው አያልፈውም። ስለዚህ ዮሐንስን ሳር ቁረጥ አልኩት። ከቦዩ ዳር አጭዶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ጭብጥ እንደሚበቃ መንገር ረስቻለሁ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዛሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዛፍ ሥር ነበሩ። ዮሐንስ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ማርታም ከጎኑ። ጋሽ ዛሳ ሳሩን አየ፣ ዮሐንስን አየ።

"ላሟን የት አሰርካት?" አለው።

አንዱ ሽማግሌ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ማርታ ግን አልሳቀችም። በጋሞኛ ብዙ ተናገረች። እኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ "እኛ የሄድን ጊዜ እንዳትቸገሩብን ብለን ነው። መጣላት መስሎ እንደሚታይ አላወቅንም።"

"ስትሄዱ ምን ያስቸግረናል?" አለ ጋሽ ዛሳ። "ሰው ሩቅ አገር ይሞታል። ላንቺ እናት እዚህ ተቀምጠናል። አንዳችሁ ስትሞቱ ሌላው ይደውል፤ ድንኳኑን ደጃችሁ እንተክላለን። ቤቱ የሌላ ሰው ቢሆንም እንተክላለን።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከዮሐንስ እቅፍ አንድ ጭብጥ ሳር ወሰደ። ታረቁ ማለት ነው። "ተነስ አሁን፣ ጉልበትህ ሊቀር ነው።"

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሰው ሞላ። ጾም ስለሆነ ቦዬ የሚሉት የተቀቀለ ሥርና ሙዝ መጣ፤ ሲያኮርፉ የሰነበቱት ሴቶች ማርታን እየቆነጠጡ ያለቅሳሉ።

ቅዳሜ፣ ሲነጋ

የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ክው ብዬ ተነሳሁ፤ ጥሩምባ ለሞት ነው የሚነፋው። ነፊው በሙዙ መሃል እየሄደ የማርታንና የዮሐንስን ስም ይጠራል፣ ሊሄዱ ነውና ውጡ ይላል። ማርታ በሩ ላይ ቆማ፣ በሕይወት እያለች ስሟ በጥሩምባ ሲጠራ ሰማች። መኪናዋ እስክትነሳ ሰዉ አስፋልቱን ሞላው፤ መኪናዋ ስትሄድም አልተበተነም።

እኔ ፌስታሌን ይዤ የሶዶ ሚኒባስ ልጠብቅ መንገድ ዳር ቆምኩ። አዲስ አበባ አንዱ ልጄ ጋ፣ ከዚያ ሐዋሳ ሌላዋ ጋ፤ ኑሮዬ እንዲህ ነው። ጋሽ ዛሳ ጎኔ መጥቶ በዱላው ተደገፈ።

"እኔም ከዚህ ከሄድኩ ዘጠኝ ዓመቴ" አልኩት።

"እድሩን ወጣሁ ብለሻል?"

"ማንም አልጠየቀኝ። ምንም አላልኩም።"

"እንግዲህ አልወጣሽማ" አለና ወደ ሰዉ ተመለሰ።

ሚኒባሱ ከወደ አርባ ምንጭ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። እጄን አላነሳሁም፤ አለፈ።