በወደብ ላይ የተነገረ መርዶ

ባሌን የዲላ ሰው ሁሉ «ዓረቡ» ይለው ነበር። አባቱ ከኢራን ዳርቻ ተሻግረው ባሕሬን ደሴት የሰፈሩ ጀልባ ሠሪ ነበሩ፤ እናቱ የደሴቲቱ ተወላጅ ናቸው። ለዲላ ሰው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ዓረብ ነው። እሱም ማስረዳቱ ሲደክመው ተወው። በልጅነቱ በሸራ መርከብ ኤደን ገብቶ መካኒክነት ተማረ፤ ከዚያ ቡናውን ተከትሎ እኛ አገር መጣ። ከአባቴ ሱቅ በስተጀርባ የቡና መፈልፈያ ተከለ። ከኢዲዶ በበቅሎ የሚወርደው፣ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና እሱ ዘንድ ነበር የሚፈለፈለው። እኔን ያገባኝም ገለባው በነፋስ እየመጣ ያጠብኩትን ልብስ ስላበላሸብኝ ልጣላው ሄጄ ነው።

ኋላ የምነግራችሁ ንዴቴ እንዲገባችሁ ስለዚያች ደሴት ትንሽ ልንገር። ባሕሬን የራሷ ሼህ ነበራት። ነገር ግን ጠባቂዋ እኔ ነኝ፣ ወደቧን የማዘው እኔ ነኝ የሚለው እንግሊዝ ነበር። ኢራን በበኩሏ ደሴቲቱ ግዛቴ ናት፣ ሰዎቿም የኔ ናቸው ትል ነበር። ሁለት ትልልቅ መንግሥታት ያቺን ቁራሽ መሬት ሲጓተቱ እንደ ባሌ ያለው መሐል ላይ ወደቀ። የወጣው ማንም ወረቀት በማይጠይቅበት ጊዜ ነው። ወረቀት ሲጠየቅ ደግሞ አዲስ አበባ ኤምባሲ ያሉት እንግሊዞች «አባትህ ኢራናዊ ነው፤ የደሴቲቱ ሰው መሆንህን አስመስክር» አሉት። ምስክሮቹ ያሉት ደሴቲቱ ላይ ነው፤ ወደ ደሴቲቱ ለመግባት ደግሞ ወረቀት ያስፈልጋል። ኢራኖቹ ኤምባሲ ሲሄድ ሻይ አቀረቡለት። «አንተማ የኛ ነህ፤ የኢራን ሰው ነኝ ብለህ እዚህ ጋ ፈርም፣ ፓስፖርትህን ዛሬውኑ ውሰድ» አሉት።

አልፈረመም። ዓመታት አለፉ።

መፈልፈያው በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ነጋዴዎች ይቀልዱበት ነበር።

«አንተ ዓረብ፣ ሁለት ንጉሥ ተጣልተውብሃል አሉ። ከሙሽራ በምን ታንሳለህ?»

«ሙሽራስ ነበርኩ፣ ጥሎሽ ያመጣ ግን የለም» ይላቸዋል።

ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። ማታ ግን ለኔ ሌላ ነው የሚለኝ። «ብፈርም የእናቴን ቤት ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ተመልሼ በሩን እንደ እንግዳ ማንኳኳቴ ነው።»

አንድ ዓመት፣ ቡና መለቀም ሲጀምር፣ እናቱ በመንገደኛ አፍ ላኩበት፦ ዓይኔ እየደከመ ነው፣ ሳይጠፋ ና።  ከዚያ ወዲህ ሞተሩ እየጮኸ እሱ ቆሞ ወደ መንገዱ ያያል። ጥር ላይ ቡናው ሲቀንስ አንድ ጧት ሸሚዙን እየቆለፈ «እፈርማለሁ» አለኝ። «እንደ እንግዳም ቢሆን ያስገቡኛል። ፊቷን አይቼ ልመለስ።» ለሰው እንዳልናገር አደራ አለኝ፤ መፈረሙ አሳፍሮት ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ለሞተሩ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ የሄደ መሰለው።

ፈረመ። ከአሰብ ኤደን፣ ከኤደን ባሕሬን ገባ። ገባ ማለቴ መርከቡ ገባ። ወደቡ ላይ የነበረው የእንግሊዝ ሹም ፓስፖርቱን ከፍቶ አየና «ይህን የሰጡህ ሰዎች ይቺ ደሴት የኛ ናት የሚሉ ናቸው፤ በዚህ ወረቀት እዚህ አትወርድም» አለው። ከመርከቡ ጫፍ ሆኖ የልጅነቱን ሠፈር ያያል፤ አባቱ ጀልባ ይሠሩበት የነበረውን ዳርቻ በጣቱ ያሳያል። «ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ጋ ነው» ይላል። ሹሙ ወደሚቀጥለው ሰው ዞሯል።

መምጣቱን የሰማች እህቱ ወደቡ ጫፍ ድረስ መጣች። እንድትቀርብ አልፈቀዱላትም። እሱ ከላይ ሆኖ «እማን አምጪልኝ! ከዚህ ሆኜ ልያት!» ብሎ ጮኸ።

 እህቱም መጮኽ ነበረባት፤ ሌላ በምን ይሰማታል?

«አልነገሩህም? ከሞተች ቆየች እኮ! ልከንብህ ነበር!»

ሸቀጥ የሚያወርዱት ሰዎች ቆመው አዩት። ባሌ የእናቱን መርዶ የሰማው እንደዚህ ነው፤ ውሃ መሐል፣ በጩኸት፣ አንድ የሚደግፈው ሰው ሳይኖር።

ተመልሶ መጥቶ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል ወደ የመኑ ሽማግሌ ሱቅ ሮጥኩ። የኤደን ወሬ በሙሉ የሚገባው በእሳቸው በኩል ነው። የሠፈራችን ሽማግሌ፣ ከቡሌ የመጡት ሰው፣ አብረዋቸው ተቀምጠው ነበር።

«ሰምታችሁ ነበር?» አልኩ።

ተያዩ።

«ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ የየመኑ።

«አልቀመጥም። ሰምታችሁ ነበር ወይ?»

«ኅዳር ላይ ነው የሰማነው» አሉ የቡሌው ሽማግሌ። «ሞተሩ ቀን ከሌት ይሠራ ነበር። መርዶ በሥራ መሐል ይነገራል? ደግሞ ዘመድ የለው። ቡናው ይለቅና፣ ሰው ሰብስበን፣ በማለዳ ቤቱ መጥተን ልንነግረው ነበር። በወጉ።»

«ኅዳር! የፈረመው ጥር ነው! ለሞተች እናት ብሎ አገሩን ፈረመ!»

«መፈረሙን ማን ነገረን?» አሉ የየመኑ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ። «ወላሂ ብናውቅ...»

«በየቀኑ ደጄ ትመጡ ነበር! ሻዬን ጠጥታችሁ፣ ‹እናትህ ደኅና ናቸው?› ሲባል ሰምታችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ትወጡ ነበር!»

 ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የወደቡን ሹም መርገም ቀላል ነው፤ ከየትም አላውቀውም። ሻይ ያቀረቡለትን ኢራኖችም እረግማለሁ። እነዚህን ግን ልጆቼ «አያቴ» ይሏቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሬዲዮኑ ነገሩ አለቀ አለ። የደሴቲቱ ሰዎች ተጠየቁ፤ ኢራን ይገባኛል ማለቷን ተወች፤ እንግሊዝም ጠቅልሎ ወጣ። ባሌ የሞተሩን ቀበቶ ያጠብቅ ነበር። «ተስማሙ ማለት ነው?» አለኝ። ተስማሙ አልኩት። «እኔንስ ለማን አደረሱኝ?» አለና ሥራውን ቀጠለ። ያን ቀን ሬዲዮኑን አንስቼ መሬት ላይ ልከሰክሰው ነበር።

በዚህ ክረምት ሞተ። ጧት ሞቶ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ፤ ዝናቡ ሳይጀምር። ከቀብር ስንመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ለእህቱ» አሉ የየመኑ፣ «በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ። ቀስ ተብሎ...»

«ዛሬ» አልኩ።

«ልጄ፣ ብቻዋን ትሆን ይሆናል፣ ወጉ...»

«ዛሬ፣ አባባ።»

በለቅሶ ልብሴ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ቴሌግራም የሚቀበለው ልጅ የጻፍኩትን አነበበና ብዕሩን አቆመ።

«እትዬ፣ ደንግጣ እንዳትወድቅ፣ ‹በጣም ታሟል› ብለን ብንጀምርላት?»

«እንደጻፍኩት ይሁን» አልኩት። ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ ወንድምሽ ዛሬ ጧት ዲላ ሞተ። ቀብረነዋል። እስኪሞት ስለ እናታችሁ ቤት ያወራ ነበር።

«ሌላ የሚጨመር አለ?»

«የለም። ሳልወጣ ላከው፤ ቆሜ ልይ።»