እንግሊዝን ሰባት ዓመት ቀድሜ ያስወረርኩበት ጠዋት

ንጋት 11፡30፣ ሜይፌር

ሳይነጋ ከቤት ወጣን። እዚህ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ የሐምሌ ብርድ ጣት ይቆረጥማል። ዳቬይተን ያለችውን ትንሿን ሱቃችንን ልከፍት ነው፤ ልጄ ሳራም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አብራኝ ናት። ባሌ መስፍን እንግሊዝ አገር ነው። ዛሬ፣ በእኛ አራት ሰዓት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ ይቀመጣል። ካላለፈ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ እኛን መውሰድ አይችልም። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግረው፣ ነገሩ አስቀድሞ በአማርኛ እንዲገባው ብዬ የፈተናውን የታሪክ መጽሐፍ ተርጉሜ በየምሽቱ በድምፅ እየቀዳሁ የላክሁለት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኩራቴን አልደብቅም።

12፡40፣ ጀርሚስተን

ታክሲ ቀየርን። ማጉዊኛ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ በአምስት ራንድ ገዝቼ ለሳራ ሰጠኋት። የዳቬይተኑ ሚኒባስ እስኪሞላ ሦስቴ ሰዓቴን አየሁ። ሞልቶ ሲነሳ ሒሳቡ ከኋላ ወደ ፊት በእጅ እየተቀባበለ ሾፌሩ ዘንድ ደረሰ። ተሳፋሪው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያንቀላፋል። እኔ ግን አላስችል ስላለኝ ደብተሬን ገልጬ የመጨረሻውን ክለሳ ስልኬ ላይ መቅዳት ጀመርኩ።

“መጀመሪያ ኬልቶች ነበሩ። ሮማውያን መጥተው መንገድና ከተማ ሠሩ። እነሱ ሲወጡ አንግሎችና ሳክሶኖች በባሕር ገቡ። ቫይኪንጎች ደግሞ ዘርፈው የሚመለሱ መስለው እርሻ ይዘው ቀሩ…”

“ማማ፣ ምንድን ነው የምታነቢው?” አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ።

ሳራ በዙሉ አስረዳችው። መሪውን እየደበደበ ሳቀ። “እንግሊዞቹም ክዌሬክዌሬ ናቸዋ!”

እዚህ ከሌላ አፍሪካ አገር የመጣ ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው፤ እኛም ስንት ጊዜ ጠጥተነዋል። ዛሬ ግን ከታክሲው ሁሉ ጋር አብሬ ሳቅኩ።

“ኖርማኖች በ1059 ዓመተ ምህረት…” ብዬ ቀጠልኩ።

“ኖ፣ ማሚ! ቴን ሲክስቲ ሲክስ ነው። ስኩል ተምረነዋል” አለች ሳራ።

“ሰባት ሲቀነስ 1059 ነው።”

“ለምን ይቀነሳል?”

ክፍል ውስጥ የፈረንጅ ዘመን ባየሁ ቁጥር ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ልማዴ ነበር። ደብተሩን አገላበጥኩት። ሮማውያኑም፣ ቫይኪንጎቹም፣ ሁሉም ተቀንሰዋል። የእንግሊዝን ሕዝብ ሰባት ዓመት ቀድሜ አስወርሬዋለሁ! መስፍን ባለፈው የወደቀው በእኔ ነው ማለት ነው።

2፡30፣ ዳቬይተን

ደወልኩ፤ ዝግ ነው። “ሁሉም ላይ ሰባት ጨምር!” ብዬ ጻፍኩ። አልደረሰውም። ሱቁን ከፍቼ እንደገና ደወልኩ። ስኳር ለጠየቀችኝ ሴት ሻይ ቅጠል ሰጠኋት። ሳራ ከመስኮቱ ገፋ አድርጋኝ “ሳውቦና ጎጎ” ብላ በዙሉ ሰላም እያለች አሮጊቶቹን ታስተናግድ ጀመር። እኔ ከማቀዝቀዣው እስከ በሩ እመላለሳለሁ። አራት ሰዓት ሞላ። ጥፋቱ የእኔ፣ ፈተናው የእሱ። አልቅሼም አልወጣልኝም።

5፡20፣ እዚያው

ስልኩ ጮኸ።

“አለፍኩ!” አለ መስፍን።

“ዓመተ ምህረቶቹ እኮ…”

“አውቃለሁ። ባለፈው ከወደቅኩ በኋላ ነቃሁ። ሰባት ሰባት እየጨመርኩ ነው ያጠናሁት።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?” ጮህኩበት። ዳቦ የያዙት ደንበኞች ዞር ብለው አዩኝ።

“ብነግርሽ ተናደሽ ትተይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ከሥራ ስገባ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ድምፅሽን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።”

ልሰድበው ያሰብኩትን ትቼ ደብተሬን ሳብኩት። ወረቀቱ እስኪወጣ ገና ወራት አለ።

“ዛሬ ማታስ ምን ታነቢልኛለሽ?” አለኝ።